ወስፌ እና ቀጭኗ መርፌ

ወስፌ ብርቱካን አይወድም። ልጅ ሳለ አንድ ቀን አብዝቶ በልቶ ታሞበታል፤ ከዚያ ወዲህ ብርቱካን ሲላጥ እንኳ ፊቱን ያዞራል። ዓይኔ ይህን ካገባችው ጀምሮ ታውቃለች። ታዲያ ሰሞኑን ማታ ማታ ወደ ቤት ሲገባ እጁ ብርቱካን ብርቱካን የሚሸተው ምን ቢያገኘው ነው?

«ወስፌ» ያሉት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ጫማ ሰፊ ነው፤ ወስፌውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ይውላል፤ አንዳንዴም ረስቶት ቤት ድረስ ይዞት ይመጣል። እሷን «ዓይኔ» የሚላት ግን እሱ ብቻ ነው። መነጽር ቤት ነው የምትሠራው፤ የሰው ዓይን ስትለካ ትውላለች። አንድ ቀን ተረከዙ የተነቀለ ጫማ ይዛ ሱቁ ገባች። እሱ ጫማውን ትቶ ዓይኗን ዓይኗን ሲያይባት፣ ጫማው እዚህ ነው ያለው አለችው።

«አይቼዋለሁ። እሱስ ይድናል፤ እኔ ነኝ የማልድነው» አላት።

ሳቋን ልትደብቅ ወደ በሩ ዞረች። በሩ ግን መስታወት ነበርና ሳቋን እዚያ ላይ አየባት።

ትልቁ አጥር የዓይኔ አባት ነበሩ። መጀመሪያ ድሬሰር ሆነው ስንቱን ሰው መርፌ የወጉ፣ ኋላ የራሳቸውን መድኃኒት ቤት የከፈቱ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። ልጃቸውን ያስተማሩት ለጫማ ሰፊ ሊድሩ አልነበረም። ይህንኑ ሳይሸፋፍኑ ነገሯት፤ ሠርጓ ላይም አልቆሙም። ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ወላጆቿን የምትጠይቀው ብቻዋን ነው። አባቷ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ቤቷ ቧንቧ ሳይቀር ይጠይቃሉ። ስለ ባሏ ግን አንድም ቀን ጠይቀዋት አያውቁም። ሲሸኟት በሩ ላይ ቆም ይላሉ፤ አንድ የሚሉት ነገር ያለ ይመስላታል። ከዚያ «በይ፣ ሳይመሽብሽ» ብለው ይመለሳሉ። እሷም ያልተባለውን ነገር ተሸክማ ትሄዳለች።

ዓመታት ሲነጉዱና ልጅ ሲጠፋ ለአባቷ ትንፍሽ አላለችም። «የመረጥሽው ነው» የሚሏት ስለመሰላት። ለእናቷ ግን ነገረች። እናቷ ነገር ሆዳቸው ውስጥ የማያድርላቸው ሴት ናቸው፤ ይህን ግን «እንደ እንቁላል ነው የምይዘው» ብለው ማሉላት።

*

ክሊኒክ ፍለጋ ሲጀምሩ መጀመሪያ የሄዱት ሁሉም ሰው ወደሚያወራለት ነበር። ሕንፃው መስታወት በመስታወት ነው። የእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር በሕፃናት ፎቶ ተሞልቷል። ዓይኔ ፎቶዎቹን ላለማየት ወለል ወለሉን ታያለች። ወስፌ ደግሞ እንደ ልማዱ የሰው ጫማ ያያል። ሐኪሙ ከኮምፒውተራቸው ቀና ሳይሉ ዕድሜዋን ጠየቁ፤ አይቪኤፍ የሚባለው ሕክምና እንደሚያስፈልጋት ነገሯት፤ «እኛ ጋ የመጣ ባዶ እጁን አይመለስም፣ አታስቢ» አሉ። ወስፌ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ቀጣዩ ተረኛ ተጠራ።

ዓይኔ ልቧ ተንሳፍፎ ወጣች። ወስፌ ግን ደረጃው ላይ ቆመ።

«ባዶ እጃቸውን የተመለሱትስ ፎቷቸው የትኛው ግድግዳ ላይ ነው?» አለ።

ተናደደችበት። ስንት ጊዜ ጠብቃ ያገኘቻትን ተስፋ ለምን ይነጥቃታል? ወደ ቤት ሲሄዱ በመንገዱ ማዶና ማዶ ነበር የተራመዱት። እሱ በየመሻገሪያው ቆሞ ይጠብቃታል፤ እሷ ሳታየው ታልፋለች። ቤት ስትደርስ ግን የተናደደችው በእሱ እንዳልሆነ ገብቷት ነበር። ጥያቄው የራሷም ጥያቄ ነው፤ ለመጠየቅ ድፍረቱን ያጣችው እሷ ናት።

ሁለተኛው ክሊኒክ ከአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ በላይ ያለ ጠበብ ያለ ቤት ነው። ወንበሮቹ አይመሳሰሉም፤ ግድግዳው ላይ ያለው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ዶክተሯ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ገና ሲገቡ ወስፌ ወደ ዓይኔ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ «ሶላቸውን አስቀይረዋል። በእግራቸው የሚሄዱ ሰው ናቸው» አላት። ክርኗን ጎኑ ላይ አሳረፈችበት።

ዶክተሯ ወንበራቸውን ከጠረጴዛው ኋላ አውጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ። ነገሩን እንደ ጎረቤት ወሬ አድርገው አስረዷቸው። መጀመሪያ ሁለቱም ይመረመራሉ። ከዚያ እንቁላሎቿ ብዙ ሆነው እንዲጎመሩ በየማታው መርፌ ትወጋለች፤ በአልትራሳውንድ ይከታተሏታል። ሲደርሱ ይወጡና ከእሱ ዘር ጋር ላቦራቶሪ ውስጥ ይገናኛሉ። «ላቦራቶሪው ያ በር ነው» አሉ በእጃቸው እያሳዩ። «ያድግልናል ያልነውን ወደ ማህፀንሽ እንመልሳለን። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ የማይሳካላቸው ብዙ ናቸው። ይህን ሳልነግራችሁ አልጀምርም።»

ሌላም ቦታ ሄደው እንዲጠይቁ መከሯቸው። ስንቱ አረገዘ ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ አሏቸው፤ በእሷ ዕድሜ ካሉት ስንቷ ልጇን ታቅፋ ቤቷ ገባች በሉ፤ ሁለቱ አንድ አይደለም። ከዚያ ወደ ወስፌ ዞሩ።

«አንተስ? አንተ የምትፈራው ምንድን ነው?»

ከዚያ ቀን በፊት ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ዓይኔ ራሷም ብትሆን። ወስፌ ጉልበቱ ላይ ያሉትን እጆቹን አየ።

«ምንም» አለ።

ሲወጡ ዓይኔ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሐዘን አልነበረም። እውነቱን ነግሯት፣ ከእውነቱም ጋር አብሯት የሚቀመጥ ሰው ስላገኘች ነው። ወስፌ ማስቲሽ ማስቲሽ የሚል መሀረቡን ሰጣት።

«እዚህ ይሁን» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች።

«እዚህ ይሁን» አለ።

ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። ከታች ሰዎች ቁም ሣጥን እየጫኑ ይጯጯሃሉ፤ እሷ ግን እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምታ አታውቅም።

*

ዝግጅቱ ተጀመረ። ዓይኔ ጠዋት ጠዋት የፎሊክ አሲድ እንክብሏን ትውጣለች። ለወስፌም ምክር ነበረው፤ የማስቲሽ ሽታ ለዘሩ ጥሩ ስላልሆነ በተዘጋ ቤት እንዳይሠራ ዶክተሯ ነገሩት። በማግስቱ ጠረጴዛውን ተሸክሞ ደጅ አወጣው። ደንበኞቹ፣ ጫማ ልትሰፋ ነው ወይስ ፀሐይ ልትሞቅ ብለው ቀለዱበት። «ልጅ ልወልድ ነው» አላቸው፤ በሳቅ ፈረሱ። እሱም አብሯቸው ሳቀ። ዓይኔ ይህን ከሰው ስትሰማ ልቧ በኩራት ሞላ።

መርፌ አወጋጉን የሚማሩበት ቀን ሲደርስ ግን ወስፌ ቀረ። የሚቸኩል ደንበኛ አለብኝ አላት። የሚቸኩል ደንበኛ ኖሮት አያውቅም፤ ደንበኞቹ ቁጭ ብለው ማውራት የሚወዱ ናቸው። ብቻዋን ሄደች። ነርሷ ከእምብርቷ ዝቅ ብሎ ያለውን ቦታ አሳየቻት፣ መለማመጃ ስፖንጅ ሰጠቻት። የሰው ዓይን ላይ ጠብታ ስታንጠባጥብ ዝንፍ የማይለው እጇ፣ የራሷን ሆድ ስታስብ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ነርሷ አይዞሽ አለቻት፤ ብዙ ሴት እንዲህ ትሆናለች፤ ባለቤትሽ ቢወጋሽ ይሻላል።

«እሱ ሥራ በዝቶበት ነው» አለች ዓይኔ።

ነርሷ አንድ ነገር ልትል ከጅላ ተወችው፤ ከንፈሯን ነክሳ ወደ መስኮቱ አየች። ዓይኔ ያንን አስተያየት አዘኔታ ነው ብላ ተረጎመችው። ነገሩ ሌላ ነበር፤ ያን ቀን ግን እንደዚያ ተረጎመችውና እየተቃጠለች ወጣች።

የብርቱካኑ ሽታም የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ወስፌ ማምሸት ጀመረ። ሱቁ ስትሄድ ሰፊ፣ ለስላሳ የሽማግሌ ጫማ ሲሰፋ አገኘችው፤ ሲያያት በጨርቅ ሸፈነው። የማን ነው ስትለው፣ እግራቸው የሚያብጥ የአንድ ሽማግሌ ነው አለ፤ ሲናገር ግን ጆሮው ቀላ። እራት ላይ አላስችል አላት።

«ወስፌ፣ ልጁን ትፈልገዋለህ?»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «እፈልጋለሁ» አለ። ግን ዓይኑ ወደ እጁ ወረደ። ዓይኔ የስንቱን ሰው ዓይን ለክታለች፤ የሚሸሽ ዓይን ታውቃለች። ለእኔ ሲል ነው የገባበት፤ ልቡ እዚህ የለም፤ አባቴም እንደሚለው ቸኩዬ ይሆን ያገባሁት? ይህን ስታስብ ራሷን ጠላች። ሳህኖቹን አንስታ ውሃውን ከፍ አድርጋ ከፈተችው፤ የራሷ ሐሳብ እንዳይሰማት።

*

የመጀመሪያው መርፌ ቀን ከሥራ ቀድማ ወጣች። የወስፌ ሱቅ ተቆልፏል። ቤትም የለም። መድኃኒቱ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከወተቱ አጠገብ ተቀምጧል። አየችውና አየችው። ከዚያ በረዶ ያለበት ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ከተተችው። ክሊኒኩ ሳይዘጋ ትደርሳለች፤ ወይ ነርሷ ትወጋታለች፣ ወይ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን የሚያሳድደው ልጅ ይቅርብኝ ብላ ለዶክተሯ ትነግራቸዋለች። የትኛውን እንደምታደርግ አልወሰነችም። የእናቷን ድምፅ መስማት አማራትና ደወለች።

«ሄሎ፣ እማዬ...»

«እዚህ የለም» አሉ እናቷ።

«ማን?»

«ማንም። ማንም የለም ማለቴ ነው። ውሃ ጥጃለሁ፣ ሊገነፍል ነው» ብለው ዘጉት።

ዓይኔ ስልኩን ይዛ ቆመች። ከዚያ ቦርሳዋን አንግታ መንገዷን ወደ ወላጆቿ ቤት አደረገች።

የጓሮውን በር በራሷ ቁልፍ ከፍታ ገባች። እናቷ ወጥ ቤቱ መሃል ቆመዋል፤ ምድጃው ላይ ውሃ የሚባል ነገር የለም። ባዶ የብርቱካን ከረጢት ይዘው፣ የት እንደሚደብቁት ጨንቋቸዋል።

«ቆይ፣ ልጄ፣ አንድ ጊዜ ቆይ...»

ከውስጥ የአባቷ ድምፅ መጣ። «ይኸው ገፋኸው። ስንቴ ልንገርህ? ይሄ ሶል አይደለም። አንተ ያዛት እንጂ አታዝዛት፤ መግባቱን እሷው ታውቃለች። እስኪ አሁን በእኔ ላይ።»

ዓይኔ በተገርበበው በር አየች።

ጠረጴዛው ላይ ወዛቸው የሚንጠባጠብ፣ እንደ ወንፊት የተበሳሱ ብርቱካኖች ተደርድረዋል። አባቷ ሸሚዛቸውን እስከ ደረታቸው ሰብስበው፣ ነጭ ሆዳቸውን አውጥተው ተቀምጠዋል። ያ ከሱፍና ከረባት ውጪ አይታቸው የማታውቀው ሰውዬ። ባሏ ፊታቸው ተንበርክኮ በሁለት ጣቱ ቆዳቸውን ቆንጠጥ አድርጎ ይዟል፤ በሌላው እጁ የየማታውን የስኳር መርፌያቸውን፣ ኢንሱሊናቸውን ይዟል። ጠረጴዛው ላይ ያረፈው የአባቷ እጅ ይንቀጠቀጣል። ይህን አይታ አታውቅም፤ እሷ ስትመጣ ሁልጊዜ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር። እግራቸው ላይ ደግሞ ያ ሰፊ፣ ለስላሳ ጫማ አለ። የባሏን ስፌት በጨለማም ቢሆን በጣቷ ታውቀዋለች።

«ቀጥል እንጂ» አሉ አባቷ።

«አልቋል፣ ጋሼ።»

አባቷ ሆዳቸውን ጎንበስ ብለው አዩ። «አልተሰማኝም» አሉ ቀስ ብለው። «ስትጀምር እንደ በሬ ቆዳ ነበር የበሳኸኝ። ዛሬ አልተሰማኝም።»

ዓይኔ አፏን በእጇ ያዘች፤ ቢሆንም ድምፅ አመለጣት። ሁለቱም ዞሩ። አባቷ ሸሚዛቸውን ለማውረድ ሲጣደፉ ቁልፉ አልገባ አላቸው። ወስፌ ተነሳ፤ ጆሮው ቀልቶ እንደ ተያዘ ተማሪ ቆመ።

እያወሩ አይደለም፣ እየተደነቃቀፉ ነገሯት። ወስፌ ከእሷ ቀድሞ ለብቻው ክሊኒኩ ሄዶ ነበር፤ ሳታየው ሊለማመድ። ስፖንጁን እንደለመደው፣ ወፍራም ቆዳ እንደሚበሳ ሰው፣ በትከሻው ክብደት ገፋው። ቀጭኗ መርፌ እጥፍ አለች። ነርሷ ሌላ ሰጠችው፤ ያችም ታጠፈች። ለሚስቴ አትንገሪያት ብሎ ለምኗት ወጣ። ከዚያ መንገድ ለመንገድ ሲዞር ቆይቶ፣ በሕይወቱ አንኳኩቶ የማያውቀውን በር አንኳኳ። አባቷ በሩን ይዘው ምን ፈለግህ አሉት። መርፌ ያስተምሩኝ አላቸው። ለማን ሲሉት፣ ለልጅዎ ብሎ ሁሉንም ነገራቸው። አባቷ ደጁ ላይ ብዙ አቆሙት። ኋላ ግን በሩን ለቀቁ። የእሳቸው እጅ ከከዳቸው ቆይቷል፤ እናቷም መርፌውን ሲወጓቸው ቦታውን እየሳቱ ያቆስሏቸው ነበር።

«መነጽር አድርጊ ብላት እምቢ አለች» አሉ አባቷ።

«ያስረጀኛላ» አሉ እናቷ ከበሩ ላይ።

ዓይኔ እያለቀሰች ሳቀች። መነጽር ቤት የምትሠራ ልጅ ወልደው፣ አንድም ቀን ዓይናቸውን አስለክተው አያውቁም።

አባቷ ቁልፋቸውን ትተው አዩዋት። «ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የመረጥሽው ነው የምትለኝ መስሎኝ፣ አባዬ።»

አባቷ የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን በሌላው ያዙት።

«እል ነበር» አሉ። «ይሄ ሰው ደጄ ላይ ቆሞ መርፌ አስተምሩኝ እስኪለኝ ድረስ፣ እል ነበር።»

ዓይኔ ሌላ ቃል አላስፈለጋትም። ደጅ ላይ ሲሸኟት ሳይሏት የቀሩት ነገር ሁሉ የተነገራት ያህል ቀለላት።

*

በልጅነት ክፍሏ፣ ወስፌን እንዳታገቢ በተባለች ጊዜ ፊቷን ቀብራ ባለቀሰችበት ጠባብ አልጋ ላይ ተጋደመች። አባቷ ገብቼ ልይ አሉ፤ እናቷ በክንዳቸው ጎትተው አወጧቸው። ወስፌ እጁን በሳሙና ፈትጎ ፈትጎ ታጠበ። የጥፍሩ ሥር ጥቁረት እንደሁ አይለቅም። መድኃኒቱን ከቦርሳው አወጣ፤ ወደ ብርሃኑ አንስቶ አየው፤ በጥፍሩ መታ መታ አደረገው። የአባቷን አኳኋን ነበር ቁርጥ። ቅንድቡን ሳይቀር እንደሳቸው ሰብስቧል።

«ዶክተሯ ሲጠይቁህ ምንም አልፈራም አልክ» አለችው።

«ዋሸሁ።» ቆዳዋን ቀስ ብሎ ቆነጠጠ። «እጄን ነው የፈራሁት። ቆዳ ሲበሳ ያደገ እጅ ነው፣ ዓይኔ። ልጅ አገኛለሁ ብዬ አንቺን ላሳምም? እሱን ሳስብ ዓይንሽን ማየት አቃተኝ።»

ዓይኔ ስታየው ቆየች። ለካ የሸሸ ዓይን አልነበረም። እሷን እንዳይጎዳ ሲጠነቀቅ የነበረ ዓይን ነው። የስንቱን ዓይን እየለካች ይህን አንዱን ሳታነብ መቅረቷ ገረማት። እንዲህ ያለ ሰው የሰጣት አምላክ ሌላ ባይጨምርላትስ ምን ልትለው ነው? ዓይኖቿን ጨፈነች፤ አንሶላውን ጨበጠች።

«በል እሺ። ጀምር።»

ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች።

«ወስፌ፣ ጀምር እንጂ።»

«ጨርሻለሁ» አላት።

ዓይኗን ገለጠች። ትንሽ ጥጥ ይዞ እሷን ያያታል፤ ግንባሩ ላይ ላብ አለ፤ እጁ ግን ጸጥ ብሏል።

አባቷ ከበሩ ኋላ እንደነበሩ ማንም አላወቀም። ጫማው ለስላሳ ነዋ፣ ኮቴ የለውም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አለቀ?»

«አልቋል፣ ጋሼ» አለ ወስፌ።

ከዚያ ዓይኔ ካገባች ጀምሮ ለዚያ ሰው ሲሉት ሰምታው የማታውቀውን ቃል አሉ። «ልጄ» አሉት። «እጅህ ይባረክ።»

ወስፌ እጁን አየ። የሌላ ሰው እጅ የተሰጠው ይመስል ገልብጦ ገልብጦ አየው። ዓይኔ ያንን እጅ ወሰደችና ጥጡ ላይ አሳረፈችው፤ የራሷንም ከላዩ ጣል አደረገች። የሚመጣውን ዶክተሯም አያውቁትም። ይህን ግን ዛሬ በእጇ ይዛዋለች። እጁን ወደ አፍንጫዋ አንስታ አሸተተችው፤ ሳሙናው ብርቱካኑን አላስለቀቀውም።

«አንተ ብርቱካን አትወድም እኮ» አለችው፣ እንባዋ ጆሮዋ ሥር እየገባ።

«አሁንም አልወድም» አላት።